ምርጡን መሻትና ከእርሱ ነጻ መሆን፦ በቡፋሎ የዶሮ ክንፍ ላይ የተመሠረተ ፍልስፍናዊ ሐተታ

ሰው ከሚበላው ምግብ ምርጡን ለማግኘት የሚደክመው ድካም፣ ላይ ላዩን ሲታይ ከፍልስፍና የራቀ ቢመስልም፣ በውስጡ ሁለት ከባድ ጥያቄዎችን ይዟል። አንደኛው የዕውቀት ጥያቄ ነው፤ ስለ ጣዕም በሚሰጥ ፍርድ ውስጥ እውነትና ስሕተት አለ ወይስ ምርጥ የሚባለው ለእያንዳንዱ ሰው ደስ ያሰኘው ብቻ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው የምግባር ጥያቄ ነው፤ ምርጡን መፈለግ ለሰው የሚገባ ትጋት ነው ወይስ መንፈሳውያን አባቶች አጥብቀው ካስጠነቀቁባቸው ክፉ ዝንባሌዎች አንዱ ነው የሚል ነው። ይህ ሐተታ ሁለቱን ጥያቄዎች በአንድ ከተማና በአንድ ምግብ ላይ ይመረምራቸዋል፤ ከተማው በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት በኢሪ ሐይቅ ዳር የሚገኘው ቡፋሎ ሲሆን፣ ምግቡም ከዚያ ተነሥቶ በብዙ አገሮች የታወቀው የዶሮ ክንፍ ነው።

የቡፋሎ ክንፍ የሚባለው፣ የዶሮ ክንፍ በመገጣጠሚያው ላይ ለሁለት ተቆርጦና ጫፉ ተወግዶ፣ ብዙውን ጊዜ ዱቄት ሳይነካው በብዙ ዘይት ውስጥ ከተጠበሰ በኋላ፣ ከካየን በርበሬና ከሆምጣጤ በተሠራ ሶስና በቀለጠ ቅቤ ወይም ማርጋሪን ተለውሶ፣ ከሰለሪ ግንድና ብሉ ቺዝ ከሚባለው ሻጋታማ አይብ ከተዘጋጀ ማጥቀሻ ጋር የሚቀርብ ምግብ ነው። በሰፊው የሚነገረው ታሪክ የምግቡን መገኘት በ1964 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) አንከር ባር በተባለው ምግብ ቤት ለነበሩት ለወይዘሮ ቴሬሳ ቤሊሲሞ ይሰጣል። ካልቪን ትሪሊን የተባለው ጸሐፊ በ1980 በኒው ዮርከር መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ እንዳመለከተው ግን፣ ታሪኩ በዚያው ቤተሰብ ውስጥ እንኳ አንድ ወጥ አይደለም። ባለቤታቸው ፍራንክ፣ ለስፓጌቲ ሶስ የታሰበው የዶሮ ክፍል ቀርቶ በስሕተት ክንፍ በመምጣቱ የተፈጠረ ምግብ ነው ሲሉ፣ ልጃቸው ዶሚኒክ ደግሞ በአንድ ዓርብ ሌሊት፣ አብዛኞቹ ካቶሊክ የነበሩት ደንበኞች ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሥጋ መብላት ስለሚፈቀድላቸው፣ ለእነርሱ ሲባል የተዘጋጀ ነው ብለዋል። በዚሁ ጽሑፍ ውስጥ በዚያው ዘመን በከተማው የጥቁሮች ሰፈር ክንፍን ሳይቆርጥ በዱቄት ለውሶ እየጠበሰ፣ ማምቦ በተባለ ሶስ ያቀርብ የነበረው የጆን ያንግ ምስክርነትም ተመዝግቧል። የከተማው አስተዳደር ሐምሌ 29 ቀን 1977ን የዶሮ ክንፍ ቀን ብሎ ሲያውጅ፣ ቀድሞ ለሾርባ ማፍያ ካልሆነ በቀር እምብዛም የማይፈለገው የዶሮ ክፍል የአንድ ከተማ መታወቂያ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህም የትኛው ቤት ምርጡን ይሠራል የሚለው ክርክር በነዋሪዎቹ ዘንድ አልበረደም።

ይህ ክርክር ትርጉም አለው ወይ የሚለውን ለመመርመር፣ አስቀድሞ ትርጉም የለውም የሚለውን ወገን በሙሉ ኃይሉ ማቅረብ ያስፈልጋል። ጀርመናዊው ፈላስፋ አማኑኤል ካንት በ1790 ባሳተመው ስለ ፍርድ ኃይል በሚመረምር መጽሐፉ፣ ደስ የሚያሰኘውን ነገር ውብ ከሆነው ነገር ይለያል። ደስ የሚያሰኝ የሚለው ስሜትን በቀጥታ የሚያረካውን፣ ለምሳሌ ምግብንና መጠጥን ሲሆን፣ በዚህ ረገድ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ጣዕም እንዳለው፣ የሌላውንም ፍርድ ስሕተት ነው ማለት ከንቱ እንደሆነ ይናገራል። ውብ ስለሆነው ነገር የሚፈርድ ሰው ግን ለራሱ ብቻ ሳይሆን ሌሎችም እንዲስማሙ በመጠበቅ ይናገራል። በዚህ ክፍፍል መሠረት የቡፋሎ ሰዎች ክርክር ከመነሻው ከንቱ ይሆናል፤ አንዱ ይህኛው ክንፍ ይበልጣል ሲል ስለ ክንፉ ሳይሆን ስለ ራሱ ምላስ መናገሩ ነውና።

ይሁን እንጂ ሰዎች በእውነት የሚያደርጉት ከዚህ የተለየ ነው። ምርጡ ክንፍ ይኸኛው ነው የሚል ሰው ምክንያት ያቀርባል፤ ምክንያቱ ሲፈርስበት ሐሳቡን ይለውጣል፤ በራሱ ተደስቶ ሳለ እንኳ ከዚህ የተሻለ እንዳለ ሲያምን ይታያል። የስኮትላንዱ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም በ1757 ስለ ጣዕም መለኪያ ባሳተመው ድርሰት ለዚህ ሁኔታ ማብራሪያ የሚሆን ሐሳብ አቅርቧል። ከሴርቫንቴስ ዶን ኪኾቴ በተወሰደው ምሳሌው፣ ሁለት ሰዎች ከአንድ በርሜል ወይን ቀምሰው አንደኛው የቆዳ፣ ሌላኛው የብረት ጣዕም እንዳገኙበት በመናገራቸው መሳቂያ ይሆናሉ፤ በርሜሉ ተንጠፍጥፎ ሲያልቅ ግን ከሥሩ የቆዳ ጠፍር የታሰረበት ቁልፍ ይገኛል። የምሳሌው ፍሬ ነገር፣ ጣዕም በቀማሹ ውስጥ የሚገኝ ስሜት ቢሆንም፣ ያን ስሜት የሚያስነሡ ነገሮች በሚቀመሰው ነገር ውስጥ እንዳሉ፣ አንዱም ቀማሽ ከሌላው ይልቅ እነዚህን ለይቶ ሊያውቅ እንደሚችል ነው። ሂዩም እንዲህ ላለው ፈራጅ አምስት ነገሮች ያስፈልጉታል ይላል፤ እነርሱም ጤናማ ማስተዋል፣ ረቂቅ ስሜት፣ ልምምድ፣ የማነጻጸር ልማድና ከአድልዎ ነጻ መሆን ናቸው።

እነዚህ መመዘኛዎች በክንፉ ላይ ሲውሉ ፍርዱ ከባዶ ምርጫ እንደሚያልፍ ይታያል። የክንፉ ቆዳ ከመጠበሱ በፊት እርጥበቱ ካልተወገደለትና ዘይቱ በሚገባ ካልጋለ፣ ቆዳው ይለሰልሳል እንጂ አይንኮሻኮሽም፤ ቅቤና ሆምጣጤያማው ሶስ በሚገባ ካልተዋሐዱ፣ ስቡ ከውሃው ተለይቶ ከሳህኑ ሥር ይቀራል እንጂ በክንፉ ላይ አይጣበቅም፤ ብዙ ጊዜ የተጠበሰበት ዘይትም በሁሉም ላይ የከረረ ጣዕም ይተዋል። በቡፋሎ አቅራቢያ በኢስት ኦሮራ የሚገኘው ባርቢል የተባለው ቤት ሶሱን በብሩሽ እየቀባ የሚያቀርብበት ምክንያት ሶሱ በእያንዳንዱ ክንፍ ላይ እንዲዳረስ ነው። ማጥቀሻውና ሰለሪውም ከቃጠሎው ቀጥሎ አፍን የማቀዝቀዝ ሥራ አላቸው። እነዚህ ሁሉ ምክንያትና ውጤት ያላቸው ነገሮች ስለሆኑ፣ በእነርሱ ላይ የሚሳሳት ሰው በእርግጥ ይሳሳታል። በአንጻሩ የበርበሬው ኃይል ራሱ ማስተዋልን ሊያደነዝዝ ይችላል፤ ዳፍስ የተባለው ምግብ ቤት መካከለኛው ደረጃ እንኳ ያቃጥላል ብሎ ደንበኞቹን የሚያስጠነቅቅ ሲሆን፣ ካፕሳይሲን የተባለው የበርበሬ ንጥረ ነገር ምላስን ካቃጠለ በኋላ የሚቀጥለውን ክንፍ በትክክል ማነጻጸር ያስቸግራል።

ከዚህ ላይ ግን አንድ ወሰን ማበጀት ይገባል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ፒተር ጊች በ1956 እንዳስረዳው፣ መልካም የሚለው ቅጽል ከሚገልጸው ነገር ዓይነት ተነጥሎ ትርጉም አይኖረውም፤ መልካም ቢላዋና መልካም ሐኪም የሚመዘኑት በአንድ ሚዛን ሳይሆን እያንዳንዳቸው በሆኑት ነገር ነው። በዚህ መሠረት የአንከር ባር ክንፍና የጆን ያንግ ክንፍ በአንድ መስፈርት አይዳኙም፤ አንደኛው ዱቄት ያልነካው ቆዳ ከሆምጣጤና ከቅቤ ጋር የሚገጥምበት፣ ሌላኛው ያልተቆረጠ ክንፍ በዱቄት ቅርፊቱ ሶሱን የሚሸከምበት ስለሆነ፣ በየዓይነታቸው ፍጹም ወይም ጎደሎ ሊሆኑ ይችላሉ። የሁለቱን የሥራ ዘዴ ሳይለይ አንዱን ብቻ የምግቡ ልክ አድርጎ ሌላውን ጉድለት ብሎ የሚፈርድ ሰው፣ ሂዩም አድልዎ ባለው ነገር ወድቋል፤ የአንድን ማኅበረሰብ ወጥ ቤት በሌላው ሚዛን መመዘን የታሪክን ፍትሕ ጭምር ያዛባልና። ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ፣ ምርጥ በእርግጥ አለ፤ ነገር ግን በየዓይነቱ አለ፤ የሚታወቀውም በተለማመደና ነጻ በሆነ ፈራጅ ነው የሚል ይሆናል።

ነጻ የሚለው ይህ ቃል ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ያሻግራል። በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኤቫግሪዮስ ሰውን የሚፈትኑ ስምንት ክፉ ሐሳቦችን ሲዘረዝር በመጀመሪያ ያስቀመጠው ሆዳምነትን ነው። ከ590 እስከ 604 የሮም ጳጳስ የነበረው ታላቁ ጎርጎርዮስ ደግሞ ሆዳምነት ብዙ በመብላት ብቻ እንደማይወሰን አስረድቶ አምስት መንገዶቹን ዘርዝሯል፤ ከጊዜው በፊት መብላት፣ ውድ ምግብ መሻት፣ ከመጠን ማለፍ፣ በስስት መብላትና ምግቡ እጅግ ተጠንቅቆ እንዲዘጋጅ መሻት ናቸው። የመጨረሻው ምርጡን ክንፍ ፍለጋ ከተማ የሚያካልለውን ሰው በቀጥታ የሚመለከት ይመስላል። በ13ኛው መቶ ዘመን ይህን ዝርዝር ያብራራው ቶማስ አኩይናስ ግን ጥፋቱ በምግቡ ሳይሆን ሥርዓት ባጣው ፍላጎት ላይ እንዳለ ይናገራል። ሲ. ኤስ. ሉዊስ በ1942 ባሳተመው የስክሩቴፕ ደብዳቤዎች በተባለው መጽሐፉ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ በዚያ የምትታየው ሴት የምትጠይቀው ጥቂት ሻይና ጥቂት ዳቦ ሆኖ ሳለ፣ ልክ እርሷ በምትሻው መንገድ ካልቀረበላት በቀር ስለማትቀበል፣ በዙሪያዋ ያሉትን ሁሉ ታስጨንቃለች። የምግቡ ማነስ ሆዳምነቷን ከራሷ ይሰውርባታል እንጂ አያጠፋውም።

ሁለቱን ጥያቄዎች የሚያገናኘው ነገር የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ካንት በዚያው መጽሐፉ፣ የራበው ሰው የተገኘውን ሁሉ በደስታ ስለሚበላ፣ ምርጫው የጣዕም ማስተዋል እንዳለው አያመለክትም፤ ማን ማስተዋል እንዳለው የሚታወቀው ፍላጎቱ ከረካ በኋላ ነው ይላል። ይህ ሐሳብ ወደ ጾም ትምህርት ሲቀርብ የበለጠ ይጠልቃል። የዶሚኒክ ቤሊሲሞ ትረካ እውነት ከሆነ፣ የቡፋሎ ክንፍ የተወለደው ከዓርብ ጾም ወደ ቅዳሜ በሚያሻግር እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ የአሜሪካ ካቶሊክ ጳጳሳትም ከዐቢይ ጾም ውጭ ያለውን የዓርብ ግዴታ ያነሡት ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1966 ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ረቡዕና ዓርብ ከጥሉላት፣ ማለትም ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል መታቀብ እስከ ዛሬ የጸና ስለሆነ፣ የአማርኛ አንባቢ የዚያን ሌሊት ትርጉም ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳዋል። ዶሮውን በ12 ብልት የሚያወጣ፣ ክንፉንም ሳይጥል ከብልቶቹ ጋር የሚቆጥር ባህል፣ በጾም ቀን ደግሞ ሙሉ ወጡን ይተወዋል።

ጾም ለጣዕም ማስተዋል ይረዳል የሚለውን የሚቃወም ሰው፣ ከጾም የወጣ ሰው የራበው ስለሆነ ከሁሉ የከፋ ፈራጅ ነው ሊል ይችላል፤ በዚያች ሌሊት ብቻ ከታየ መቃወሙ ትክክል ነው። ነገር ግን ጾም በአንድ ሌሊት ረኃብ አይመዘንም፤ በዓመታት ውስጥ ሰውን ከምግብ ጋር ባለው ግንኙነት የሚያሠለጥን ልማድ ነው። በፈቃዱ መተው የለመደ ሰው ምግቡ ሲቀርብለት በፍላጎቱ አይጎተትም፤ ሲቀርበትም አይታወክም፤ ስለዚህ የቀረበለትን በሆነው ልክ የማየት ዕድል አለው። መተው የማይችል ሰው ግን ምግቡን ሳይሆን የራሱን ጉድለት ነው የሚቀምሰው፤ ያገኘው ክንፍ ሁልጊዜ ከሚቀጥለው ያነሰ ይመስለዋልና ፍለጋው መጨረሻ አይኖረውም። ኢኮኖሚስቱ ኸርበርት ሳይመን በ1956 እንዳስተማረው፣ የሰው ዕውቀትና ጊዜ ውስን ስለሆነ፣ ምርጫ በተግባር በቂ የሆነውን አግኝቶ መቆምን ይጠይቃል። ሳይመን የአእምሮ ወሰን ያለው ይህ፣ በአባቶች ትምህርት የነፍስ ጤና ነው። ሂዩም ከፈራጅ የሚጠብቀው ነጻነትና መነኮሳቱ ከጿሚ የሚጠብቁት ነጻነት መነሻቸው ቢለያይም፣ ሁለቱም በፍላጎትና በፍርድ መካከል ርቀት መኖርን ይጠይቃሉ።

ከዚህ የሚከተለው ብያኔ፣ ምርጡን መፈለግ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ እንዲያውም በእሳት ፊት ቆሞ የደከመውን ሰው ሥራ በጥንቃቄ መቅመስና ጥሩውን ከመጥፎው ለይቶ መናገር ለባለሙያው የሚሰጥ ክብር ነው የሚል ነው። ፍለጋው የሚበላሸው መካከለኛ ክንፍ የቀረበለት ሰው ማመስገን ሲያቅተው፣ አብረውት የተቀመጡትን ሰዎች ረስቶ ሳህኑን ብቻ ሲመለከት፣ የሌላውንም ማዕድ ሳይረዳ ሲንቅ ነው። ስለዚህ ጥሩ ምግብ የሚወድ አንባቢ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ ቢለማመድ ይበጀዋል፤ እንደ ሂዩም ፈራጅ ደጋግሞ ቀምሶ ማነጻጸርን፣ እንደ ጿሚም በጊዜው ትቶ መቆየትን። ምርጡን ማወቅ የሚችለው ያለ ምርጡም መኖር የሚችል ሰው ነው።