ወላጅ ለከተማ ምክር ቤት ሲወዳደር

የገዛ ልጁን ከሁሉ አብልጦ የሚወድ ሰው የሕዝብን ገንዘብ በቅን ሊያከፋፍል ይችላልን? ይህን የመሰለ ጥያቄ ከብዙ ዘመን በፊት ያነሣው የግሪኩ ፈላስፋ አፍላጦን ነው። እርሱም ስለ መንግሥት በጻፈው መጽሐፍ፣ ከተማን የሚጠብቁ ሰዎች የወለዱትን ለይተው እንዳያውቁ፣ ልጆቻቸውም የጋራ ሆነው እንዲያድጉ አሳሰበ፤ «የእኔ» የሚለው ቃል ከተማን ይከፋፍላል ብሎ ሠግቷልና። ደቀ መዝሙሩ አርስጣጣሊስ ግን ይህን አልተቀበለም። የብዙዎች የሆነ ነገር ተንከባካቢው ጥቂት ነው፤ ፍቅርም ለሁሉ ሲበተን፣ ጥቂት ጣፋጭ ነገር በብዙ ውኃ ላይ እንደ ፈሰሰ፣ ጣዕሙ ይጠፋል ሲል ተከራከረ።

ለእኔ የደቀ መዝሙሩ ነገር ይበልጥ እውነት ይመስለኛል። ይሁን እንጂ ነቢዩ ሳሙኤልም ልጆቹን ዳኞች አድርጎ ቢሾማቸው መማለጃ በሉ፤ ሕዝቡም ስለዚህ ንጉሥ ይንገሥልን አለ። እንግዲህ የወላጅ ፍቅር ዓይንን የሚከፍተውን ያህል የሚጋርድበትም ጊዜ አለ ማለት ነው።

ከእንጦጦ ግርጌ የተቆረቆረችው ከተማችን ይህን ነገር በራሷ ታሪክ አይታዋለች። በ1950 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያው የሕዝብ እንደራሴዎች ምርጫ፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዲሬክተር የነበሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው ምክር ቤት ገቡ። የሰው ልጅ ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸውና የሚገባ ነበር። ነገር ግን የዚያ ዘመን ሕግ ለእጩው ንብረት ይጠይቅ ነበር፤ ንብረት የሌለው አባትም ልጅ ነበረው። በኋላ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ49ኛው አንቀጽ ለአዲስ አበባ ነዋሪ ራሱን በራሱ የማስተዳደር መብት ሰጠ። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ቅንጅት ከ138ቱ የከተማው ምክር ቤት ወንበሮች 137ቱን አሸነፈ፤ ምክር ቤቱን ግን ሳይረከብ ቀረ። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ኢሕአዴግ በተራው ያንኑ 137 ወሰደ። ወንበሩ እንዲህ በጅምላ ሲወሰድ፣ የሰፈሩ እናት ወይም አባት ማን እንደ ሆነ፣ ምን እንደሚያስብ የሚመረምር መራጭ ከወዴት ይገኛል? ለአርማው ድምፅ ይሰጣል እንጂ።

ነገሩን ወደ አንድ ሰፈር እናቅርበው። ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው በኦሎምፒያ የሚኖር አንድ አባት ለምክር ቤት ቀረበ እንበል። ልጁ በክፍያ ትምህርት ቤት ይማራል፤ በመኪናም ይመላለሳል። ይህ ሰው በትምህርት ቤቱ በር የሚፈጠረውን የመኪና መጨናነቅ አሳምሮ ያውቃል፤ ለዚያም ከልቡ ይሟገታል። ቅንነቱን አልጠራጠርም። በዚያው ሰፈር ከፎቁ ሥር ጀበና ጥዳ ቡና የምትሸጥ እናት ደግሞ አለች። ልጇ በመንግሥት ትምህርት ቤት ናት፤ ከተማው ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በሚያካሂደው የተማሪዎች ምገባም ምሳዋን ትበላለች። አባትየው የዚያን ምሳ ጣዕም አያውቀውም፤ ቢቀነስም በቤቱ የሚጎድል የለም።

በጀት የሚቆረጥበት ቀን ሲመጣ ገንዘቡ ለመንገዱ ነው ወይስ ለምሳው? እኔ መራጭ ብሆን ለልጅህ ምን ታደርጋለህ ብዬ አልጠይቀውም፤ ያማ የታወቀ ነው። ከልጅህ በፊት የማንን ልጅ ታስቀድማለህ ብዬ እጠይቀዋለሁ። መልሱን ያላሰበበት እጩ፣ የወላጆችና የመምህራን ኅብረት ሰብሳቢ ሆኖ ቢያገለግል እንኳ፣ ለ138ቱ ወንበር ገና አልደረሰም።

እናቲቱ ራስዋ ብትወዳደርስ? በ1950 ዓ.ም. ይጠየቅ የነበረው ንብረት ከሕጉ ወጥቷል፤ የሚከለክላት አንቀጽ የለም። ነገር ግን ለቅስቀሳ በወጣችበት ቀን ጀበናው አይጣድም፤ ለዚያ ቀን ማታም የሚገዛበት ገንዘብ አይገኝም።