ሌባ ሻዩ የተኛበት ቤት

አንዲት ልጅ እናስብ። የምትኖረው ላፍቶ ነው፤ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ባለ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ። ቀን ቀን ለቡ አካባቢ በሚገኝ ድርጅት የሰው ሀብት ክፍል ትሠራለች፤ ማታ ማታ ከእንግሊዝ አገር በርቀት የሚሰጥ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ትማራለች። ትምህርቱ ፈተና ክፍል ገብተው የሚቀመጡበት አይደለም፤ ሦስት አራት ሺህ ቃል የሚሆን አሳይመንት እየጻፉ መላክ ነው። መብራት በጠፋ ሌሊት በስልኳ ዳታ እየሠራች፣ ከመሥሪያ ቤቷ ምሳሌ እያመጣች ጻፈችና ላከች። ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጣላት መልስ ስለ ጽሑፉ ጥሩነትም ሆነ መጥፎነት አንዳች አይልም። «ሥራሽ 74 በመቶው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈ ሆኖ ተገኝቷል፤ በአሥር ቀን ውስጥ ማብራሪያ ስጪ» ይላል።

ልጅቱን የፈጠርኳት እኔ ነኝ። ደብዳቤው ግን ፈጠራ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሳቸው ተማሪዎች በብዙ አገር አሉ። ላፍቶ ላይ ያስቀመጥኳት አጠገቤ እንድትሆን ብዬ ነው፤ ሩቅ ያለ ተከሳሽ ለመፍረድ ስለሚቀል። የእሷ ጥያቄ ደግሞ ሲያዩት ቀላል፣ ሲነኩት ከባድ ነው፦ ሰው የጻፈውን ነገር ራሱ መጻፉን በምን ያስረዳል?

«ሆኖ ተገኝቷል» የሚለው ቃል ላይ ትንሽ እንቆይ። ተርኒቲንን የመሰሉ ፕሮግራሞች ለዓመታት ሲሠሩ የኖሩት ከሌላ የተገለበጠ ጽሑፍን መፈለግ ነበር። ያኔ «ተገኘ» ማለት ተገኘ ነው፤ ያንተን አንቀጽ ከተወሰደበት ጽሑፍ ጎን አስቀምጦ ያሳይሃል። ኤግዚቢቱ ጠረጴዛ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 ተርኒቲን የጨመረው የሰው ሠራሽ አስተውሎት (የኤአይ) መለያ ግን ሌላ ዓይነት ነገር ነው። የሚያሳየው የተሰረቀ ዕቃ የለውም፤ ዕቃዬ ጠፋ ብሎ የሚጮህ ባለቤትም የለም። በእጁ ያለው መምሰል ብቻ ነው።

አሠራሩ ሲቀልል እንዲህ ነው። ቻት ጂፒቲን የመሰለ ማሽን የሚጽፈው ከአንድ ቃል ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመተ ነው። መለያው ያንኑ ግምት ከኋላ ተነሥቶ ይሠራዋል፦ ቃላቱ የተጠበቁት ከሆኑ፣ ዐረፍተ ነገሮቹም በርዝመትና በአካሄድ ከተመሳሰሉ «ማሽን» ይላል፤ ያልተጠበቀ ቃልና ወጣ ገባ አካሄድ ካገኘ «ሰው» ይላል። ይህ መለኪያ ወደ አማርኛ ቢመጣ የሚሆነውን ሳስበው ሳቄ ይመጣል። «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብሎ የጀመረ ደብዳቤ በምን እንደሚያልቅ የማያውቅ የቢሮ ሠራተኛ አለ? «ለሚደረግልኝ ቀና ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ።» ወረዳው በሙሉ ማሽን ሆኖ ሊገኝ ነው።

እዚህ ላይ የራሳችን የሆነ አንድ የድሮ ሥርዐት ትዝ ይለኛል። ሌባ ሻይ ይባላል፤ ሌባን የሚሻ፣ የሚፈልግ ማለት ነው። ዕቃ ሲጠፋ አንድ ልጅ ይመጣል፤ መድኃኒት ያጠጡታል፣ ያጨሱታል። ራሱን ሲስት ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ገመዱን የልጁ ጌታ ይዞለት በመንደሩ ይለቀቃል። እየተንገዳገደ ገብቶ የወደቀበት ወይም የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው፤ የጠፋውን ይከፍላል። ባለሥልጣን የሚያውቀው፣ የተደነገገ አሠራር ነበር እንጂ የሰፈር ቀልድ አልነበረም። በሌባ ሻይ የተያዘ ሰው መከራው ክፍያው ብቻ አይደለም። ልጁን «ለምን እኔ ቤት ተኛህ?» ብሎ መጠየቅ አይችልም፤ ልጁ አያውቅማ! ገመዱን የያዘው ሰውዬም ቢጠየቅ የሚያውቀው ልጁ መተኛቱን ብቻ ነው። የእኛም ልጅ «የቱ ዐረፍተ ነገር? ከየት የተወሰደ?» ብላ ብትጽፍ ፈታኙ የሚመልስላት ይህንኑ ነው፤ ፕሮግራሙ 74 ብሏል።

«ሌባ ሻይ ጥንቆላ ነበር፤ ይህኛው ግን ሒሳብ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ሒሳብ ነው። እንግዲያው ሒሳቡን እንሥራው።

ከባለቤቱ እንጀምር። ቻት ጂፒቲን የሠራው ኦፕን ኤአይ ራሱ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 አንድ መለያ አውጥቶ ነበር። በራሱ ሙከራ ማሽን ከጻፋቸው ጽሑፎች የለየው 26 በመቶውን ነው፤ ሰው ከጻፋቸው ውስጥ ደግሞ 9 በመቶውን «ማሽን» ብሏል። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ ከአገልግሎት አወጣው። ተርኒቲን በበኩሉ ንጹሕን ሰው በስህተት የምወነጅለው ከ1 በመቶ በታች ነው ይላል። አሜሪካ የሚገኘው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ ቁጥር ይዞ አሰላ፦ እ.ኤ.አ. በ2022 በተርኒቲን ያለፉት ጽሑፎች 75,000 ነበሩ፤ 1 በመቶው 750 ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 መለያውን ዘጋው።

አሁን ለራሳችን እንቁጠር። አንድ ሺህ አሳይመንት ገባ እንበል፤ መቶው በእርግጥ ማሽን የጻፈው ነው። መለያው ከመቶው ሰማንያውን ያዘ፤ ከዘጠኝ መቶው ንጹሕ ደግሞ 1 በመቶውን፣ ዘጠኝ ሰው፣ በስህተት ያዘ። ከተያዙት ከዐሥሩ አንዱ ግድም ንጹሕ ነው። የስህተቱ መጠን 1 ሳይሆን 10 በመቶ ቢሆንስ? በስህተት የተያዙት ዘጠና፣ በትክክል የተያዙት ሰማንያ። ያኔ ከተያዙት ከግማሽ በላዩ ንጹሕ ነው።

10 በመቶ ማጋነን ይመስላል? እ.ኤ.አ. በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባት መለያዎችን ፈተኑ። የእንግሊዝኛ ችሎታን ለሚለካው ለቶፍል ፈተና የተጻፉ፣ እንግሊዝኛ አፋቸውን ያልፈቱበት ሰዎች ድርሰቶች የሆኑ 91 ጽሑፎችን አቀረቡላቸው። በአማካይ 61 በመቶ የሚሆኑትን ማሽን የጻፋቸው ናቸው አሉ። ከ91ዱ 89ኙ ቢያንስ በአንዱ መለያ ተወንጅለዋል። በአሜሪካ የስምንተኛ ክፍል ልጆች ድርሰት ላይ ግን መለያዎቹ እምብዛም አልተሳሳቱም።

ምክንያቱን ለመረዳት ስታንፎርድ መሄድ አያስፈልግም፤ የራስን ደብተር መግለጥ ይበቃል። እኛ እንግሊዝኛን ከጥቁር ሰሌዳ ነው የገለበጥነው። ድርሰት «ፈርስትሊ» ብሎ ይጀምራል፣ «ሰከንድሊ» ብሎ ይቀጥላል፣ «ኢን ኮንክሉዥን» ብሎ ይዘጋል፤ ከዚህ የወጣ በቀይ እስክሪብቶ ይሰረዛል። ያልለመዱትን ወንዝ የሚሻገር ሰው የሚረግጠው ሌላው ሲረግጠው ያየውን ድንጋይ ነው። ቋንቋውም እንዲሁ ነው፤ እንዳልሳሳት የሚፈራ ሰው የሚመርጠው የተሞከረውን ቃል፣ የታወቀውን አገባብ ነው። በዚህ ላይ ሙያው አለ። የሒሳብም ሆነ የሰው ሀብት አስተዳደር ትምህርት የራሱ ቋሚ ሐረጎች አሉት፤ ከነሱ የወጣ ተማሪ ነጥብ ይቀነስበታል። እንግዲህ ልጅቱን ዐሥራ ምናምን ዓመት ሙሉ «እንደሚጠበቀው ጻፊ» እያልን አሳደግናት፤ እንደሚጠበቀው በጻፈች ጊዜ ደግሞ «የሚጠበቅ ስለጻፍሽ ሌባ ነሽ» አልናት። የዚህ ነገር ክፋት ስህተቱ በሁሉ ላይ እኩል አለመዝነሙ ነው። በጥንቃቄ የሚጽፈውን፣ በሁለተኛ ቋንቋ የሚጽፈውን፣ ደንብ የሚያከብረውን ለይቶ ይመታል። ማጭበርበር ያሰበው ግን ማሽኑን አጽፎ፣ ጽሑፉን ሰው ሰው እንዲሸት በሚያደርግ ሌላ ፕሮግራም አሳልፎ፣ በመለያው ሞክሮ ይልካል። ያልሰረቀ ሰው ራሱን በመለያ የሚፈትንበት ምክንያት የለውም። ሆን ብለው ስህተት የሚሰገስጉ ተማሪዎችም አሉ፤ ሰው መሆናቸውን በስህተታቸው ሊያስመሰክሩ።

ይህን ስል ሌባ የለም ማለቴ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፍ እንሠራለን የሚል ወረቀት የስልክ እንጨት ላይ ተለጥፎ ያላየ ሰው የለም፤ ቻት ጂፒቲ ከመምጣቱ በፊት የነበረ ገበያ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከላከል ተብሎ ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሲፈተን፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ መሆኑ ያስደነገጠው አገር ነን። ለዚህም ነው ሠርተፍኬት ሰጪው ሲጨነቅ የሚገባኝ። ግን ልብ በሉ፤ ያኔ የተወሰደው ርምጃ ተማሪውን ፊት ለፊት ማየት ነበር እንጂ የመልስ ወረቀቱን ጠረን ማሽተት አልነበረም። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ተማሪ ያለው የእንግሊዙ የሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር ኤሲሲኤም እ.ኤ.አ. ከማርች 2026 ጀምሮ፣ ከልዩ ሁኔታ በስተቀር፣ ከቤት ሆኖ መፈተንን እንደሚያስቀር ያስታወቀው በዚሁ መንገድ አስቦ ነው።

ጽሑፍን ብቻ እያዩ ጸሐፊውን ማወቅ ምን ያህል እንደሚቻል የሚያስተምር ጉዳይ ደጃችን አለ። ይህ የያዝኩት የአጻጻፍ ዓይነት ሐተታ ይባላል፤ ከሐተታዎች ሁሉ ስመ ጥሩ የሆነው የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ ራሱ ተከሳሽ ነው። ጽሑፉን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ የላከለት ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ የካፑቺን ሚሲዮናዊ ነበር። በ1920 እ.ኤ.አ. ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ተነሥቶ ይህን የጻፈው የ17ኛው ክፍለ ዘመን የአክሱም ሊቅ አይደለም፣ ላኪው ራሱ ነው አለ፤ ዩገን ሚትቮኽ ደገፈው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ክሎድ ሰምነር ቋንቋውን፣ አሳቡንና አጻጻፉን መርምሮ ሚሲዮናዊው ሊጽፈው አይችልም ሲል ደመደመ። ግእዝን እንደ ውኃ ይጠጣ የነበረው ጌታቸው ኃይሌ መጀመሪያ ተጠራጠረ፣ ኋላ አሳቡን ለወጠ። ሌሎች ዛሬም ይከራከራሉ። ያው አንድ ጽሑፍ፣ ያው ፊደል፣ ከመቶ ዓመት በላይ የሊቃውንት ክርክር፤ እስካሁን አልተቋጨም። እነዚህ ሰዎች ቢያንስ ምክንያታቸውን ጽፈዋል፣ ሊመለስላቸው ይችላል፤ ቁጥር ጥለው አልሄዱም። ክርክሩ ያልተቋጨበት ምክንያት ግን ግልጽ ነው፤ ዘርዓ ያዕቆብን ጠርቶ መጠየቅ አይቻልም።

የላፍቶዋን ልጅ ግን ጠርቶ መጠየቅ ይቻላል። በሕይወት አለች። ስልክም አላት።

የቅኔ ቤት መምህራን ይህን ነገር ከጥንት ያውቁታል። በነገራችን ላይ በቅኔ ቤት ቋንቋ «ዘረፈ» ማለት ነውር አይደለም፤ ከአእምሮው አፍልቆ ቅኔ አወረደ ማለት ነው። ተማሪው ጥጉን ይዞ ቅኔውን ይቆጥርና ለየኔታ ይነግራቸዋል፤ የኔታም ያርማሉ፣ ምሥጢሩን ይጠይቃሉ፣ ሰሙ ከወርቁ የት እንደተጋጠመ ያስፈቱታል። የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ የመጣ ተማሪ በሁለተኛው ጥያቄ ይሰናከላል። ትላንት የት እንደነበረ የሚያውቁት መምህር ዛሬ እዚህ እንዴት እንደደረሰ መጠየቅ ብቻ ይበቃቸዋል።

አንድ ነገር ግን ልመን፤ «የራስ ጽሑፍ» የሚባለው ድንበሩ እንደ አጥር የተለየ አይደለም። ልጅቱ የሰዋስው ስህተቷን በግራመርሊ አርማ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ሐረግ በአማርኛ አስባ በጉግል ተርጉማ ሊሆን ይችላል። ይህ ስርቆት ነው? ፍርድ ቤት ደጅ ጠረጴዛ ዘርግተው የሰው አቤቱታ የሚጽፉትን እናስታውስ። ቃሉ የራፖር ጸሐፊው ነው፤ ባለጉዳዩ ግን ከታች በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዐት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት የቀረበው እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ ብሎ ይፈርማል። ዳኛው ዐረፍተ ነገሩን ማን አሳመረው ብሎ አይጠይቅም፤ ለነገሩ የሚቆመው ማን ነው ይላል እንጂ። የሙያ ማረጋገጫም የሚመሰክረው ለባለሙያው ፍርድና ዕውቀት ነው። ስለዚህ ልጅቱ ተጠርታ «ይህን የቅጥር አሠራር ለምን መረጥሽ? መሥሪያ ቤትሽ ባይቀበለውስ?» ስትባል የምትመልሰው ካጣች ትውደቅ፤ አላዝንላትም። ከመለሰች ግን 74ቱ ቁጥር የሚፈይደው የለም።

የሙያ ማኅበር ፍርድ ቤት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 20 ለተከሰሰ ሰው የሰጠውን፣ ጥፋቱ እስኪረጋገጥ እንደ ንጹሕ የመቆጠርና የቀረበበትን ማስረጃ የማየት መብት ለንደን ያለ ፈታኝ እንዲጠብቅ የሚያስገድድ ሕግ የለም። ግን ልጅቱ ክፍያዋን በውጭ ምንዛሪ ፈልጋ ከፍላለች፤ ይህን ያህል መጠየቅ የምትችል ይመስለኛል። የመለያው ቁጥር ፈታኙን እንዲጠይቅ ሊያነሣሣው ይችላል፤ ለመቅጣት ግን ብቻውን አይበቃም። ይህን ለሚወስኑ ሰዎች ልመናዬ አጭር ነው፦ ከመፍረዳችሁ በፊት ዐሥር ደቂቃ ደውሉላት። ከሩቅ አገር ጋር ያለ ሽቦ መነጋገር ለዚህ ሰፈር እንግዳ ነገር አይደለም፤ ላፍቶ ያለችበት ክፍለ ከተማ ንፋስ ስልክ የሚለውን ስም ያገኘው ከሽቦ አልባው የራዲዮ ጣቢያ ነው።