ተግቶ የሳተ ሰው ምንዳ

በእስልምና የሕግ ትምህርት «ኢጅቲሃድ» የሚባለው፣ ቁርጥ ያለ ማስረጃ ባልተገኘለት ጉዳይ ላይ የበቃ ሊቅ አቅሙን ሁሉ አሟጦ ወደ ፍርድ ለመድረስ የሚያደርገው ጥረት ሲሆን፣ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ መሠረት ተግቶ እውነቱን ያገኘ ፈራጅ ሁለት ምንዳ፣ ተግቶ የሳተውም አንድ ምንዳ አለው። የሸሪዓ ሕግ ትምህርት የሆነው ፊቅህ ለዘመናት ሲቀራባት በኖረችው ወሎ፣ የሐብሩዋን ዳና ጨምሮ፣ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም፤ ነገር ግን ከፍርድ ወንበር ወጥቶ በእጅ ሥራ ላይ ሲፈተን እስከ ምን እንደሚጸና መጠየቅ ይገባል።

ለዚህ ፈተና የሰርኪዩት ቦርድ ንድፍ የተመቸ ነው። ሰርኪዩት ቦርድ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችን በቀጫጭን የመዳብ መስመሮች የሚያገናኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ 1.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሰሌዳ ነው። በኮምፒውተር ላይ ያለ ንድፍ በደቂቃ ይታረማል፤ መዳቡ አንዴ ከታተመ በኋላ ግን ስሕተቱም አብሮ ታትሟል። በውርጌሳና በመርሳ ዙሪያ ለመስኖ የሚያገለግል የውኃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ የሚነድፍ አንድ ወጣት ቢታሰብ፣ ሰሌዳውን ከቻይና አሳትሞ ለማስመጣት የውጭ ምንዛሪውንም የጉምሩኩንም ጣጣ መሻገር ስላለበት፣ እያንዳንዱ እርማት ገንዘብና ረጅም ጥበቃ ይጠይቀዋል፤ ስለዚህም ስሕተት በእርሱ ዘንድ የዕውቀት ብቻ ሳይሆን የኃላፊነትም ጉዳይ ይሆናል።

በመጀመሪያው ሰሌዳ የቺፑ እግሮች ግራና ቀኝ ተገላብጠው ቢገኙ፣ ትክክለኛው አቀማመጥ በአምራቹ መግለጫ ሰነድ ላይ ተጽፎ ሳለ ነውና፣ ይህ ቸልተኝነት እንጂ ኢጅቲሃድ አይደለም፤ ምንዳ የተባለው ከመፍረዱ በፊት ያለውን ማስረጃ ለመረመረ ነው። ሁለተኛው ሰሌዳ ይህን አርሞ ሲመጣ፣ የፓምፑ ሞተር በተነሣ ቁጥር ቮልቴጁ እየወረደ ቺፑ ሥራውን ከመጀመሪያው ይጀምራል እንበል፤ ጥፋቱ በከፊል ካፓሲተሩ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን ለቅጽበት አጠራቅሞ የሚለቀው ክፍል፣ ከቺፑ መራቁ ነው፣ በከፊል ግን ያ ሞተር በዚያ መስመር ላይ ሲነሣ የሚስበው ኃይል ሳይፈተን የማይታወቅ መሆኑ ነው። እዚህ ላይ የመሻሻልና የማሽቆልቆል መለኪያ ይምታታል፤ ጨርሶ ያልሠራው ሰሌዳ ያስተማረው አንድ ነገር ብቻ ሲሆን፣ እየሠራ የሚያቋርጠው ግን ለሠሪው የበለጠ አድካሚ ቢሆንም ብዙ ይናገራል።

የሕጉ ሊቃውንት ራሳቸው ተግቶ የሳተ በእርግጥ ስቷል ወይ በሚለው ተከራክረዋል። ጋዛሊ (1058–1111 እ.ኤ.አ.) ቁርጥ ያለ ማስረጃ በሌለበት ጉዳይ ተግቶ የፈረደ ሁሉ ልክ ነው ከሚሉት ወገን ሲሆን፣ ሌሎች በአላህ ዘንድ እውነቱ አንድ ነው፣ የቀረው ስቷል፣ ምንዳው ግን አይጠፋበትም ይላሉ። ኤሌክትሪክ የማንንም አስተያየት ስለማይጠብቅ ሰሌዳው ለሁለተኛው ወገን የሚመሰክር ይመስላል፤ ይሁንና ሁለት የተለያዩ አቀማመጦች እኩል በሚሠሩበት ጊዜ፣ ይህም በንድፍ ሥራ ዘወትር የሚያጋጥም ነው፣ የጋዛሊ ሐሳብ ያይላል።

ከዚህ የሚከብደው ቀድሞ ተሠርቶ ከእጅ የወጣው ሰሌዳ ጉዳይ ነው። ኸሊፋው ዑመር በአንድ የውርስ ጉዳይ መጀመሪያ የሟችን ሙሉ ወንድሞች ከድርሻ ውጭ አድርገው፣ በሌላ ጊዜ ተመሳሳይ ጉዳይ ሲቀርብላቸው አካፍለው ሲፈርዱ፣ የፊተኛው በፊተኛው ውሳኔ፣ የኋለኛውም በኋለኛው ይጸናል ማለታቸው ይነገራል፤ ከዚህም ፉቀሃዎች፣ ማለትም የሕጉ ሊቃውንት፣ አንዱ ኢጅቲሃድ በሌላው አይሻርም የሚለውን መርሕ አጽንተዋል። ኃይል ከማባከኑ በቀር ጉዳት የሌለበት የድሮ ሰሌዳ በዚህ መርሕ ባለበት ሊቆይ ይችላል። ግልጽ ማስረጃን የሚጻረር ፍርድ ግን እንደሚሻር እነዚያው ሊቃውንት ይናገራሉ፤ እርጥብ እጅ የሚነካውን የብረት ሳጥን ኤሌክትሪክ የሚያስይዝ ሰሌዳም ከዚህኛው ወገን ስለሆነ፣ ሠሪው እስከ ማሳው ሄዶ መንቀል አለበት፣ ወጪውም በገበሬው ላይ አይወድቅም።