በአንድ አዳራሽ ስለሚቀመጡ ተመልካቾች

ሰው ከቤቱ ወጥቶ የሚሰበሰብበት ቦታ ሦስት ነው፤ አንደኛው ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለተኛው ገበያ፣ ሦስተኛው የጨዋታ ቦታ ነው። (የለቅሶ ቤት ቢቈጠር አራት ይሆናል፤ እርሱ ግን ለጊዜው ይቈይ።) ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያመጣው እምነት ነው፤ ወደ ገበያ የሚያወጣው ችግር ነው፤ ወደ ጨዋታ ቦታ ግን ግድ የሚለው ነገር ሳይኖር በፈቃዱ ይሄዳል። ሄዶም ከማያውቀው ሰው ጋራ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ይቀመጣል፤ ያ ሲስቅ ይስቃል፣ ያ ሲያዝን ያዝናል፤ ጨዋታው ባለቀ ጊዜም ስሙን ሳይጠይቀው ወደ ቤቱ ይመለሳል። እንግዲህ እንደዚህ ያሉ ሰዎች ለሁለት ሰዓት ያህል አንድ ማኅበር ሆነዋል ይባላልን?

ይህ ጥያቄ በወለጋ ከተሞች ሲጠየቅ ከሌላው ቦታ ይልቅ ይከብዳል። በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በደምቢዶሎ የሚበዛው ሕዝብ ኦሮሞ ነው፤ ከእርሱም ጋራ ከብዙ ዘመን ጀምሮ የኖረ አማራ አለ፤ ለንግድ መጥቶ በዚያው የቀረ ጉራጌ አለ፤ በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜ ከወሎና ከትግራይ ተነሥቶ የሰፈረ ሰው ልጅና የልጅ ልጅ አለ። ወደ ቤጊ በኩል ማኦና በርታ፣ ወደ ዓባይ በኩል ጉሙዝ ይገኛል። በሃይማኖትም ቢሆን ኦርቶዶክሱ፣ የመካነ ኢየሱሱ፣ አድቬንቲስቱና እስላሙ በአንድ ገበያ ይውላሉ። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ በነቀምቴ ስለ ተከፈተ ከአገሩ ማዕዘን ሁሉ የተላኩ ተማሪዎች ተጨመሩ። ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች መጋረጃ የሚገልጥ ሰው፣ ፊቱ የተቀመጠው ሕዝብ አንድ ቋንቋ፣ አንድ ተረት፣ አንድ የሳቅ ምክንያት ያለው መስሎት እንደ ሆነ እጅግ ተሳስቷል።

ከካህናት ወገን «ቴያትር ከቤተ ክርስቲያን ሰው ጋራ ምን አገናኘው?» የሚል ይኖራል። ይሁን እንጂ የቴያትር አዳራሽ በሐዋርያት ሥራ በ19ኛው ምዕራፍ ተጽፎ ይገኛል። የኤፌሶን ሕዝብ በብር ሠሪው በድሜጥሮስ ምክንያት ታውኮ ወደ ቴያትሩ ሮጠ፤ ቅዱስ ጳውሎስም ሊገባ ሲወድ ደቀ መዛሙርቱ ከለከሉት። ቅዱስ ሉቃስ በዚያ ቦታ የጻፈው ነገር ሊታሰብ የሚገባው ነው፤ ከተሰበሰበው ሕዝብ የሚበልጠው ለምን እንደ መጣ አያውቅም ነበር፤ ነገር ግን ሁለት ሰዓት ያህል በአንድ ድምፅ ጮኸ። እንግዲህ የአንድ ጊዜ ጩኸት፣ የአንድ ጊዜ ሳቅም ቢሆን፣ የአንድ ልብ ምልክት አይደለም።

ዮሐንስ አፈወርቅ ወደ ቴያትር የሚሮጡትን ክርስቲያኖች አጥብቆ እንደ ገሠጸ የታወቀ ነው። ዳሩ ግን ይኸው አባት በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በቍስጥንጥንያ ለጎት ሕዝብ አንድ ቤተ ክርስቲያን ለይቶ መጽሐፍ በቋንቋቸው እንዲነበብላቸው፣ ስብከትም እንዲሰበክላቸው አደረገ። የከተማው ጨዋ ሰው ጎቶችን እንደ አረመኔ ይቈጥራቸው ነበር፤ አፈወርቅ ግን የሚሰሙ ሰዎች አድርጎ ቈጠራቸው። ስለ ቴያትርም ቢሆን የሚጠየቀው ከዚህ የተለየ አይደለም፤ መድረኩ ላይ የቆመው ሰው ፊቱ ከተቀመጡት ማንን እንደ ሰሚ ይቈጥራል?

ስለ መቀመጫ መለየት ብዙ መናገር አያስፈልግም። ሮማውያን ከጌታ ልደት በፊት በ67 ዓመት ባወጡት ሕግ ከቴያትሩ 14 ተርታ ለፈረሰኞች መደብ ለይተው ነበር። በዋሺንግተን የነበረው ናሽናል ቴያትር ጥቁሮችን አላስገባም ብሎ ተዋንያኑ አንጫወትም ስላሉት፣ በ1948 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጥቁሮችን ከማስገባት ይልቅ ቴያትርነቱን ትቶ ሲኒማ ሆነ፤ እስከ 1952ም አልተመለሰም። በአገራችንም ፋሺስት በገዛባቸው 5 ዓመታት ሲኒማው ለነጭና ለጥቁር ተለይቶ ነበር። እንዲህ ያለው ግፍ በዓይን የሚታይ ስለ ሆነ የሚቃወመውን ሰው አያጣም። በዓይን የማይታየው ግን ሁሉ በአንድነት ተቀምጦ ሳለ የሚሠራው መለየት ነው።

የኢትዮጵያ ቴያትር ሲጀመር ተመልካቹ ጥቂት ነበር። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ የአውሬዎችን ኮመዲያ በአዲስ አበባ በቴራስ ሆቴል ባሳዩ ጊዜ የተጠሩት መኳንንትና የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። አውሬዎቹ ተናገሩ፤ መኳንንቱም ማን እንደ ተነካ ፈጥነው አወቁ፤ ጨዋታውም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተከለከለ። ይህ መከልከል ለደራሲው ሐዘን ቢሆንም ምስጋናም ነበረበት፤ ምክንያቱም ፊት ለፊት ለተቀመጠው ሰው እንደ ተናገረ ያሳያል። በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴያትር በቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ተከፈተ። የመድረኩ ቋንቋም አማርኛ ሆነ።

በወለጋ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ሌላ ነገር ተጀምሮ ነበር። አናሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ተርጕሞ በ1899 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር አሳተመ፤ በ1904 ነቀምቴ ገብቶ እስከ ሞተበት እስከ 1931 ድረስ አስተማረ። ከእርሱ ጋራ የደከመችው አስቴር ጋኖ የኦሮሞን ተረት፣ ምሳሌና ዘፈን ከአፍ እየለቀመች ጽፋለች፤ ከዚያውም ከፊሉ በ1894 በታተመው የንባብ መማሪያ ገባ። እነዚህ ሰዎች ቴያትር አልሠሩም፤ ነገር ግን የወለጋ ገበሬ በገዛ ቋንቋው ቢነገረው የሚሰማ ጆሮ እንዳለው አስቀድመው አስታውቀዋል። በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች በወጣው ደንብ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ ይሁን ተባለ፤ ከዚያ በኋላ የወለጋ ልጅ ለብዙ ዘመን በአደባባይ የሚሰማውን በአማርኛ፣ በቤቱ የሚስቀውን በኦሮምኛ ሲያደርግ ኖረ።

ከዚህም የመጣ አንድ ልማድ አለ፤ የዚህ ሁሉ ነገር ሥር ያለውም በእርሱ ነው። በአማርኛ ጨዋታ፣ ሕዝቡን ለማሳቅ ሲፈለግ፣ ቃል የሚሰባብር ሰው በመድረክ ይወጣል፤ ወንዱን በሴት አንቀጽ፣ ሴቲቱን በወንድ አንቀጽ ይጠራል፤ ዘበኛ ወይም ተሸካሚ ወይም ከገጠር የመጣ ባላገር ነው። አዳራሹም በሳቅ ይሞላል። ደራሲው ክፉ አላሰበም ይሆናል። ዳሩ ግን ከሚስቁት መካከል ቤቱ ውስጥ አባቱ እንደዚያው የሚናገር ሰው ተቀምጧል። ይህ ሰው ምን ያድርግ? ባይስቅ ይታወቅበታል፤ ተነሥቶ ቢወጣ ጨዋታ የማያውቅ ይባላል። ስለዚህ ይስቃል፤ እንዲያውም ከጎረቤቱ አብልጦ ይስቃል፤ እንዲህ በሳቀ ጊዜም አባቱን እንደ ካደ ልቡ ያውቃል። ጴጥሮስ በሊቀ ካህናቱ ግቢ እሳት ሲሞቅ አነጋገሩ ገሊላዊነቱን እንደ ገለጠበት፣ ከዚያም በኋላ የሆነውን ካህናት ሁሉ ያውቁታል።

በቲኬት ቈጠራ ይህ ሰው ከተመልካቾች አንዱ ነው። ልዩ ልዩ ሕዝብ ተሰበሰበ ብሎ ደስ የሚለው የአዳራሹ አለቃም እርሱን ቈጥሮ ነው ደስ የሚለው። በእውነት ግን ያ ሰው መቀመጫ አገኘ እንጂ ተመልካች አልሆነም፤ ሳያውቅ ወደ መድረኩ ወጥቶ መታያ ሆኗል።

በደሉ ግን የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። ጉሙዙ በስሙ ሳይሆን በስድብ ስም ሲጠራ የኖረው በአማራም በኦሮሞም አፍ ነው። በ1934 ዓ.ም. ባርነትን የሻረው አዋጅ ወጣ፤ ስሙ ግን ከአዋጁ በኋላ ብዙ ዘመን ቆየ። ዛሬ ኦሮምኛ በመድረክ ነጻ በሆነበት ዘመን የኦሮምኛ ጨዋታ አንድ ማኦን ወይም አንድ ሰፋሪን በአነጋገሩ ቢያሣቅቅ፣ ትናንት የተበደለ መሆኑ ኃጢአቱን አያቀልለትም። በነቀምቴ መንገድ ከአምቦ አጠገብ፣ በቦዳ፣ ከኦሮሞ አባትና ከአማራ እናት የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን የሼክስፒርን «ኦቴሎ» ወደ አማርኛ መልሶታል። በዚያ ጨዋታ ጥቁሩ የጦር አለቃ በነጮች ከተማ በመልኩ ይሰደባል፤ የኢትዮጵያ ተመልካችም ከኦቴሎ ጋራ ሆኖ ይቈጣል፤ የተሰደበው ራሱ መስሎታልና። አንድ የጉሙዝ ሰው በጎኑ ተቀምጦ ቢሆን ግን፣ ያንኑ ስድብ ማን በማን ላይ ሲናገረው እንደ ሰማ እያስታወሰ በዝምታ ያየዋል። አንድ ጨዋታ ነው፤ የታየው ግን ሁለት ነው።

ስለዚህ ነገር ሁለት አሳብ ይሰማል። አንዱ፣ «ለየሕዝቡ የራሱ መድረክ ይሁንለት፤ ሁሉም በቋንቋው በየአዳራሹ ይስቅ» የሚል ነው። ይህ አሳብ ለተከለከለ ቋንቋ መብት ነው፤ ቀድሞ የተነፈገ ነውና በግድ ሊሰጠው ይገባል። ነገር ግን ሁሉም በየቤቱ ብቻ ከሳቀ ጎረቤቱ በምን እንደሚያዝን ከማን ይማራል? ሁለተኛው፣ «ለሁሉም አንድ ቋንቋ ይሁንና ሁሉ ይስማማ» የሚል ነው፤ ይህኛውም ተሞክሮ ፍሬው ታይቷል። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈው፣ በማይታወቅ ልሳን የሚናገር ለሚሰማው ባዕድ እንደሚሆን ነው፤ በበዓለ ጰንጠቆስጤም የተሰበሰበው ሕዝብ ቋንቋውን እንዲተው አልተጠየቀም። በጥር 2015 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያን ላይ የመጣው መከፋፈል፣ ከተነሡበት ምክንያቶች አንዱ ሕዝቡ በቋንቋው ይገልገል የሚል እንደ ነበረ ካህናት አይዘነጉትም። የቴያትርን ስሕተት የሚነቅፍ ቤቱንም ይመልከት።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደም አለ። በ2011 ዓ.ም. ከካማሺ የተፈናቀሉ ብዙ ኦሮሞዎች ወደ ነቀምቴና ወደ አካባቢው ተሰድደው በመጠለያ አደሩ። በሰኔ 2014 ዓ.ም. በጊምቢ ወረዳ በቶሌ እጅግ ብዙ አማሮች፣ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ፣ ተገደሉ። ከዚህ በኋላ በአንድ አዳራሽ ስለ መቀመጥ መናገር ቅንጦት ይመስላል። ገዳይን የሚመልስ ቴያትር የለም። ቀድሞ በአንድ ለቅሶ ቤት ይቀመጡ የነበሩ ሰዎች ለየብቻ ማልቀስ ከጀመሩ ደግሞ በአንድነት እንዲስቁ መጥራት ድፍረት ነው። ይሁን እንጂ አዳራሽ ፍርድ ቤት አይደለም፤ ይቅርታን አያዝዝም። የሚችለው ጥቂት ነገር ነው፤ ይኸውም ለሁለት ሰዓት ያህል ሌላው ሰው ሲናገር ዝም ብሎ መስማትን ነው፤ ይህም በአደባባይ ከጠፋ ሰንብቷል።

ጨዋታን ዝም ብሎ መስማትም ቢሆን የአገሩ ልማድ አልነበረም። በአዝማሪ ቤት ተመልካቹ ግጥም ያቀብላል፤ ኦሮሞም ገረርሳ ሲል የከበበው ሰው ይመልስለታል። ስለዚህ በወለጋ ከተሞች አንድ ክፍል በኦሮምኛ፣ አንድ ክፍል በአማርኛ የሚነገርበት ጨዋታ ቢታይ፣ ሳቁ በአንድ ጊዜ እንደማይመጣ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ፊተኛው ተርታ ይስቃል፤ ኋለኛው ይዘገያል፤ ከዚያም ኋለኛው ሲስቅ ፊተኛው ዞሮ ያያል። የመድረክ ሰዎች ይህን እንደ ጕድለት ያዩታል፤ ጨዋታው ተሰበረ ይላሉ።

ነገር ግን በእነዚያ በሁለቱ ሳቆች መካከል አንድ ነገር ይደረጋል። ከወሎ የመጡ አሮጊት ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል ብለው፣ «ልጄ፣ ምን አለ?» ይላሉ። ጎረቤታቸውም የማያውቃቸው የነቀምቴ ልጅ ነው። የኦሮምኛውን ቀልድ በአማርኛ ሊመልሰው ይሞክራል፤ አልመለስለት ይላል፤ በሌላ መንገድ ይጀምረዋል። እንዲህ እያለ የሚቀጥለው ንግግር ሁለቱንም ያመልጣቸዋል። ከኋላቸው የተቀመጠው መምህር፣ ጨዋታ መስማት የሚወድ ሰው ነውና፣ «እባካችሁ ዝም በሉ» ይላል። ልጁም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይቀጥላል።