ያልተቆጠረ ሲሳይ፦ ገርሳ፣ የደርግ ዛፍና የምግብ ሒሳብ

የአንድ አህጉር ሕዝብ ከዛፍ ለውዝ የሚያገኘው ምግብ እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ የሚለው ጥያቄ በተለምዶ መልስ የሚያገኘው ከምግብ ሚዛን ሰንጠረዥ ነው። ይህ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት የሚያዘጋጀው ሰንጠረዥ በዓመቱ የተመረተውንና ከውጭ የገባውን ደምሮ፣ ወደ ውጭ የተላከውን፣ ለዘርና ለመኖ የዋለውንና የባከነውን ከቀነሰ በኋላ፣ ቀሪውን ለሕዝቡ ቁጥርና ለዓመቱ ቀናት እያካፈለ አንድ ሰው በቀን ስንት ካሎሪ እንደሚደርሰው ያሳያል። የዛፍ ለውዝ የሚባሉት ካሹን፣ አልሞንድንና ዋልነትን የመሳሰሉ ከዛፍ የሚለቀሙ ፍሬዎች ሲሆኑ፣ ኦቾሎኒ ግን ከመሬት የሚነቀል የጥራጥሬ ዘመድ በመሆኑ ከእነርሱ ጋር አይመደብም። በዚህ አቆጣጠር አፍሪካ የምትነሣው በካሹ ነው። ኮትዲቯር ባለፉት ዐሥርት ዓመታት ከዓለም ቀዳሚዋ የጥሬ ካሹ አምራች ለመሆን በቅታለች፤ ነገር ግን ምርቱ በአብዛኛው ከነቅርፊቱ ወደ ቬትናምና ወደ ህንድ ስለሚጫን፣ የምርቱ ማደግ በአምራቹ ገበታ ላይ በዚያው ልክ አይታይም።

ሰንጠረዡ የተላከውን መቀነሱ ትክክል ነው። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ማንም ያልተከለው፣ ማንም ያልሸጠው ዛፍ በሒሳቡ ውስጥ መግቢያ በር የለውም። በአፋር ቆላ የሚበቅለው ገርሳ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ገርሳ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ዶቤራ ግላብራ፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ የማይረግፍ፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። አርብቶ አደሮች ገርሳ ከወትሮው በበለጠ ሲያቆጠቁጥና ሲያፈራ ካዩ ድርቅ መቅረቡን ይጠረጥራሉ፤ ድርቁ ሲደርስም የፍሬው ውስጠኛ ዘር ምግብ ይሆናል። ዘሩ ግን እንዲሁ የሚቆረጠም አይደለም፤ ረጅም ሰዓት መቀቀል አለበት፣ ሲቀቀል ሽታው ይከረፋል፣ በሚገባ ያልበሰለ እንደሆነም ሆድ ያሳምማል። ስለዚህ በጥጋብ ዘመን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። በአማካይ ዓመት የገርሳ ካሎሪ ከምንም የማይቆጠር ሲሆን፣ በክፉ ዓመት ግን ለአንድ ቤተሰብ ዋናው እራት ሊሆን ይችላል፤ አማካይ ደግሞ ክፉውን ዓመት ከደጉ ጋር ቀላቅሎ የሚያጠፋ ስሌት ነው።

እዚህ ላይ የኢስላም ሥነ መለኮት ሊቃውንት ስለ ሪዝቅ፣ ማለትም አላህ ለፍጡሩ ስለሚሰጠው ሲሳይ፣ ያደረጉት የቆየ ክርክር ያልተጠበቀ ብርሃን ይሰጣል። ሙዕተዚላ የተባሉት ሊቃውንት በሐራም የተገኘ ነገር ሪዝቅ ሊባል አይችልም ሲሉ፣ አሽዓሪያዎቹ ደግሞ ሪዝቅ ማለት ፍጡሩ በተግባር የተጠቀመበት ነገር ሁሉ ነው በማለት መልሰዋል። በሁለተኛው ብያኔ መሠረት አንድ ሰው በጎተራው ያከማቸውና ሳይቀምሰው የሞተበት እህል ንብረቱ ነበር እንጂ ሪዝቁ አልነበረም። ክርክሩ የተካሄደው ስለ ሐላልና ሐራም ቢሆንም፣ ብያኔው ለምግብ ሒሳብም ይሠራል፤ ለነፍስ ወከፍ ተካፍሎ በወረቀት ላይ የሰፈረ ካሎሪ ወደ ማንም አፍ ላይደርስ ይችላል፣ በሰንጠረዥ ያልሰፈረው የገርሳ ቅቅል ግን በእርግጥ ደርሷል። ከሁለቱ የትኛው ምግብ መባል እንዳለበት ለመወሰን ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

ተመሳሳይ ነገር ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን ያለ ሥነ መለኮት ደርሶበታል። እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ድህነትና ረሃብ ባሳተመው መጽሐፍ፣ በወሎ ረሃብ ጊዜ በአገሪቱ የነበረው ጠቅላላ ምግብ ያን ያህል እንዳልቀነሰና የጠፋው የሰዎች ምግብ የማግኘት አቅም መሆኑን ያስረዳ ሲሆን፣ የአፋር አርብቶ አደሮች ደግሞ የበጋ ግጦሻቸው በአዋሽ ሸለቆ ለተስፋፉት የመስኖ እርሻዎች በመሰጠቱ ለድርቁ ይበልጥ እንደተጋለጡ ጠቅሷል። የእነዚህ እርሻዎች የጥጥ ምርት በሰንጠረዥ ላይ ሲያድግ፣ የግጦሹ መጥፋት የሚመዘገብበት ዓምድ አልነበረም።

ከዚህ የከበደው ጥያቄ የሚነሣው በዚያው ሸለቆ፣ በአየሉ ተራራ ግርጌ በምትገኘው በገዋኔ ዙሪያ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በረሃማነትን ለመግታትና ለእርሻዎቹ የነፋስ መከላከያ እንዲሆን ታስቦ በመካከለኛው አዋሽ የተተከለው ፕሮሶፒስ፣ አፋሮች የደርግ ዛፍ የሚሉት፣ ዛሬ በክልሉ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ሸፍኗል። ፍሬው ጣፋጭ ቢጫ ቆባ ነው፤ ከብቶች ቆባውን በልተው ጠንካራውን ዘር ከነሕይወቱ ከእበት ጋር ስለሚጥሉት፣ ጎርፉም ስለሚያግዝ፣ ዛፉ በየመንገዱና በየወንዙ ዳር እሾሃማ ጥሻ እየሠራ ሣሩንና ነባሩን ዛፍ ያፍናል፤ ቆባውን ብቻ ለብዙ ጊዜ የበሉ ከብቶችም በጥርስና በሆድ ሕመም ይጎዳሉ። በምርት ሒሳብ ብቻ ከታየ ፕሮሶፒስ ገርሳን በብዙ እጥፍ ያስከነዳል።

ተካዮቹ ክፉ አላሰቡም። በኢስላም ሥራ በኒያ፣ ማለትም በልብ በተያዘው ዓላማ ይመዘናል፤ ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ የሚበላለትን ዛፍ የተከለ ሰውም የሰደቃ፣ ማለትም የምጽዋት፣ ምንዳ እንደሚያገኝ ይታመናል። ታዲያ ቆባውን ከብት የበላለት የፕሮሶፒስ ተካይ ሰደቃ ሰጥቷል ይባላል? እ.ኤ.አ. በ1388 ያረፈው የግራናዳው ሊቅ አሽ-ሻጢቢ፣ ብያኔ የሚሰጥ ሰው የድርጊቱን መልክ ብቻ ሳይሆን መጨረሻው የት እንደሚያደርስ ጭምር መመርመር እንዳለበት አስተምሯል። በዚህ ሚዛን የመጀመሪያው ተካይ ምንዳውን በኒያው ሊያገኝ ይችላል፤ ውጤቱ ከታየ በኋላ ዝም ያለው ግን በዚያ ኒያ ሊከለል አይችልም። ጉዳትን መከላከል ጥቅምን ከማምጣት ይቀድማል የሚለው የፊቅህ፣ ማለትም የሃይማኖታዊ ሕግ መርህም ወደዚያው ያመራል።

የማስወገዱ ሥራም ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። በገዋኔና በአሚባራ ቆባውን ፈጭቶ መኖ ማድረግ፣ ግንዱንም ለከሰል ማዋል ተሞክሯል፤ ዘሩ ሲፈጭ መብቀሉ ስለሚቀር የመጀመሪያው ሐሳብ ብልህነት ነበረበት። የከሰሉ ፈቃድ ግን ነባር ዛፎችን ለመቁረጥ ሽፋን ሲሆን ታይቷል። ከሰል አክሳዩ ፕሮሶፒስንና ገርሳን የሚለየው ማን ነው ብሎ ሲያስብ፣ በክፉ ቀን የሌላ ሰው ሪዝቅ የሚሆነውን ዛፍ በጆንያ ይሸጣል።

ስለዚህ ጥሻውን የሚመነጥሩ ማኅበራትና ፈቃዱን የሚሰጡ ቢሮዎች መጥረቢያ ከመነሣቱ በፊት ነባሮቹን ዛፎች ይመዝግቡ፣ ምልክት ያድርጉባቸው፤ የትኛው ዛፍ በየትኛው ድርቅ ስንት ቤት እንዳበላም ዘሩን የቀቀሉትን እናቶች ይጠይቁ።