ከአዊ ፈረሰኞች ለወጣት ክበባት

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአዊ ከተማ እንጅባራ በፈረስ ትጥለቀለቃለች። ከየወረዳው የመጡ ፈረሰኞች ፈረሶቻቸውን አስጊጠው ይሰለፋሉ፤ ጉግሱና ግልቢያው ይደምቃል። በዓሉን የሚያዘጋጀው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም ነው፤ ጣሊያን ገና ከአገር ሳይወጣ። በበዓሉም ፈረስ ለዓድዋ ድል የዋለው ውለታ ይዘከራል። ዛሬ የማኅበሩ አባላት በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ።

ማኅበሩ ይህን ያህል ዘመን የዘለቀው በበዓሉ ድምቀት ብቻ አይመስለኝም። ፈረስ ማሳደግ ሰውንም ያሳድጋል። በአዊ ደጋ ፈረስ ያርሳል፣ ይጫናል፣ መንገደኛ ያደርሳል፤ ስለዚህ ልጆች ከፈረስ ጋር ያድጋሉ። ውርንጭላን ቸኩለው ቢጭኑት ወገቡ ይጎዳል፤ አጥንቱ እስኪጠና ዓመታት መታገሥ ግድ ነው። ፈረስ መደንገጡን በጆሮው ያስታውቃል፤ ይህን ያላስተዋለ ጋላቢ ይወድቃል። በጅራፍ ብቻ የተገራ ፈረስም ጌታውን ይፈራል እንጂ አያምነውም።

ማኅበሩ ደግሞ በዚህ ላይ የባልንጀራን ዐይን ይጨምራል። ፈረሱን ያከሳ ወይም ጀርባውን ያቆሰለ ሰው በጥር 23ቱ ሜዳ ከማንም አይሰወርም። በሐዘንና በደስታ አባላቱ ይጠራራሉ፤ ጠብ ሲነሣ ሽማግሌዎች ያስታርቃሉ። ወጣቱ ትዕግሥትን ከእንስሳው፣ ተጠያቂነትን ከማኅበሩ ይማራል።

ይህን ትምህርት የወጣት ክበባትም እንስሳ በማርባት ሊሰጡ ይችላሉ። በሌሎች አገሮች አንዳንድ ክበባት ለዚህ ጥንቸልን ይመርጣሉ። ጥንቸል ጠባብ ቦታ ይበቃታል፤ ባረገዘች በ31 ቀን ገደማ ስለምትወልድም ልጆቹ የድካማቸውን ፍሬ ቶሎ ያያሉ። በእኛ ዘንድ ግን ብዙ ሰው በእምነቱ ምክንያት የጥንቸል ሥጋ አይበላም፤ ገበያ የሌለው እርባታ ደግሞ ወጣቱን ተስፋ ያስቆርጣል። በእንጅባራና በዳንግላ ለሚቋቋም ክበብ የአካባቢው የዋሸራ በግ፣ ዶሮ ወይም ንብ ይሻላል።

የትኛውም ይመረጥ፣ እንስሳ አድሎ መሄድ አይበቃም። ከፈረሰኞቹ ሦስት ነገር እንውሰድ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ልጅ በስሙ የሚጠራ፣ ቢታመም እሱ የሚጠየቅበት እንስሳ ይኑረው። ሁለተኛ፣ አባላቱ ራሳቸው የተስማሙበት ደንብ ይኑር፤ የታመመውን ወይም ፈተና ላይ ያለውን ጓደኛ እንስሳ ማን እንደሚመግብ በደንቡ ይወሰን። ሦስተኛ፣ በዓመት አንድ ቀን ወላጅና ጎረቤት በተሰበሰበበት እያንዳንዱ ያሳደገውን ያሳይ፤ ምን እንዳወጣ፣ ምን እንዳተረፈ፣ ምን እንደሞተበትና ለምን እንደሞተበት በአንደበቱ ይናገር።

አሥራ አምስት ዓመት የሞላት ልጅ በሰው ፊት ቆማ በጓ የሞተበትን ምክንያት ሳትደብቅ ከተናገረች፣ ነገ በሥራ ቦታም ሆነ በትዳር ለምታጠፋው ጥፋት ኃላፊነት መውሰድ አይከብዳትም። ክበቡ የሚመዘነውም በበጎቹ ቁጥር ሳይሆን እንዲህ ያሉ ልጆችን በማፍራቱ ነው።