ሠለስቱ ደቂቅና የሰንደቅ ዓላማው ሰላምታ

ሠለስቱ ደቂቅ ናቡከደነፆር ላቆመው የወርቅ ምስል አንሰግድም ብለው ወደ እቶን እሳት መጣላቸውን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። ሁልጊዜም የምንቆመው ከልጆቹ ጎን ነው፤ ከመካከላችን ንጉሡን የደገፈ የለም። ዛሬ ይህንኑ ታሪክ ይዘን በአሜሪካ የተነሣ አንድ ክርክር እንመርምር።

የአሜሪካ መሥራቾች በ1776 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ባወጡት የነፃነት መግለጫ፣ ሰዎች ሁሉ እኩል ሆነው እንደ ተፈጠሩ፣ መብታቸውንም የሰጣቸው ፈጣሪ እንደ ሆነ፣ መንግሥትም የሚቆመው ይህን መብት ለመጠበቅ እንደ ሆነ ገለጹ። ሐሳቡ ለክርስቲያን እንግዳ አይደለም። ይሁን እንጂ ረቂቁን የጻፈው ቶማስ ጀፈርሰን ራሱ ባሪያ አሳዳሪ ነበረ፤ ባርነት በመላ አገሪቱ በሕገ መንግሥት የተከለከለው በ1865 ነው። በ1791 በሕገ መንግሥቱ ላይ 10 ማሻሻያዎች ሲጨመሩ፣ የመጀመሪያው ምክር ቤቱ የመንግሥት ሃይማኖት እንዳያቋቁም፣ ሰውም እንደ እምነቱ እንዳያመልክ የሚከለክል ሕግ እንዳያወጣ አገደ።

ይህ ቃል የተፈተነው በሕፃናት ነው። በ1935 በፔንሲልቫኒያ፣ ማይነርስቪል በምትባል ከተማ፣ አንዲት የ12 ዓመት ልጅና የ10 ዓመት ወንድሟ ለሰንደቅ ዓላማ ሰላምታ አንሰጥም በማለታቸው ከትምህርት ቤት ተባረሩ። የይሖዋ ምስክሮች ስለ ነበሩ ሰላምታውን ለምስል እንደ መስገድ ቈጠሩት። እኛ በየማለዳው ሰንደቅ ዓላማ እየሰቀልን ያደግን ስለሆንን፣ ነገሩን መጀመሪያ ስንሰማ ደስ አላለንም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1940፣ በ8 ድምፅ ለ1፣ ለአገር አንድነት ሲባል ትምህርት ቤቱ ሊያስገድዳቸው ይችላል ብሎ ፈረደ። ከዚያ በኋላ የሆነው ያሳዝናል። በየቦታው ሕዝብ እየተሰበሰበ የእምነቱን ተከታዮች ደበደበ፤ በሜይን ግዛት በኬነበንክ መሰብሰቢያቸውን አቃጠለ።

በ1942 ከስምንቱ ዳኞች ሦስቱ መሳሳታቸውን በግልጽ አመኑ። በ1943፣ አገሪቱ በጦርነት ላይ ሳለች፣ ከዌስት ቨርጂኒያ በመጣ ተመሳሳይ ጉዳይ ፍርዱ በ6 ድምፅ ለ3 ተገለበጠ። ዳኛ ሮበርት ጃክሰን እንዲህ ያለው መብት ለድምፅ ብልጫ የሚቀርብ እንዳልሆነ ጻፉ። በ1940 ፍርዱን የጻፉት ፊሊክስ ፍራንክፈርተር ግን፣ እርሳቸው ራሳቸው ብዙ ከተሰደደው ከአይሁድ ወገን ሆነው ሳለ፣ ዳኛ የግል አስተያየቱን በሕግ አውጪው ፈንታ ሊተካ አይገባም ሲሉ ተቃወሙ። ይህ የሚናቅ ክርክር አይደለም፤ ዳኞችስ ሲሳሳቱ ማን ያርማቸዋል? ሆኖም ጃክሰንን እንደግፋለን። ፈጣሪ የሰጠውን በእጅ ቈጠራ መንሣት ከተቻለ፣ የ1776ቱ ቃል ከወረቀት አያልፍም።

ለእኛ የሚከብደው ሌላ ነው። እነዚያ ልጆች እንደ እኛ በሥላሴ አያምኑም። ሠለስቱ ደቂቅን የምንወዳቸው ትክክል ስለ ሆኑ ነው ወይስ የእኛ ስለ ሆኑ?

ባለፈው ዓመት በዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍላችን ከስምንታችን አንዱ እምነቱ ከእኛ የተለየ ነበረ። ሌሊት እየተነሣ በለሆሳስ ይጸልያል። ሰባታችን ተማክረን ሌላ ክፍል ፈልግ አልነው። እንቅልፍ ነሥቶን አልነበረም፤ ብዙ ስለ ሆንን ብቻ ነው። እርሱም ሳይከራከር ፍራሹን ጠቅልሎ ወጣ። አሁንም በግቢው ስንገናኝ ሰላም ይለናል። ይቅርታ ግን ገና አልጠየቅነውም።